ከግላሱ ሥር ያለው ጀርባ

(የኮቴ ድምፅ ቀርቦ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይርቃል)



ደጃፋችሁ ላይ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ የታሰረ ካለ፣ ሬዲዮናችሁን እንደያዛችሁ ወጣ ብላችሁ አጠገቡ ብትቆሙ ደስ ይለኛል። እጃችሁ ያስፈልገኛል። ከተማ ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ እናንተ ልጆች፣ ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ። ዛሬ የምንማረው ስለ ኮርቻ አሠራር ነው። አብረንም አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ እናነሳለን፤ ለመሆኑ በእንስሳ ጀርባ ላይ መቀመጥ ተገቢ ነው ወይ? ኋላ ላይ ልጆች በምድር ላይ የሌለ እንስሳ ትፈጥሩና ኮርቻ ትነድፉለታላችሁ።

ልጅ ሳለሁ አያቴ በቅሎ ሊገዙ ይጁቤ ገበያ ሲሄዱ ተከትያቸው ነበር። ሻጩ በቅሎዋን አስጊጦ አቁሟታል። ጀርባዋ ላይ ቀይ ግላስ፣ የጌጥ ልብሷ፣ ተነጥፏል፤ አንገቷ ላይ ቃጭል አለ፤ ጋማዋ ተከርክሟል። ሰጋር ናት ብሎ ሻጩ አንድ ሁለቴ ወዲያና ወዲህ አስኬዳት። እውነትም ውኃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥባት የምትደፋው አይመስልም። እኔ ልቤ ተማረከ፤ በዓይኔ ገዝቻታለሁ። አያቴ ግን ጥርሷንም ሳያዩ፣ ኮቴዋንም ሳያነሱ በቀጥታ ሄደው ግላሱን ገለጡት። ከሥሩ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር። ዝንብ ተነሣበት። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛች። አያቴ ግላሱን መልሰው በቀስታ አለበሷትና «ና እንሂድ» አሉኝ። መንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «ግላስ የሚያየው ሰው ነው፤ እሷ የምታውቀው ከሥሩ ያለውን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያጌጠ ፈረስ ባየሁ ቁጥር እጄ ግላሱን ሊገልጥ ይፈልጋል።

ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ባሶ የሚለው ስም ከጎጃምም አልፎ በሩቅ ይታወቅ ነበር። ከእናርያና ከሌሎቹ የጊቤ አገሮች የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ፣ በአሰንዳቦ በኩል ዓባይን ተሻግሮ እዚህ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ዕቃ የሄደው በጀርባ ነው። በበቅሎ፣ በአህያ፣ በፈረስ፣ በሰውም ጀርባ። ሸክሙ የወጣበትን ገደል ለማወቅ ከአገራችን ደጋ ጫፍ ላይ ቆሞ የዓባይን በረሃ ማየት ይበቃል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ማዶውም ያንኑ ያህል ዳገት ነው።

አሁን እጃችሁን ልዋሳችሁ።

ከጋማው ማብቂያ፣ ትከሻው ላይ ካለው ጉብታ ጀምራችሁ መዳፋችሁን ወደ ጭራው ሳቡት። በመካከሉ ጣታችሁን የሚቆረቁረው መስመር የጀርባ አጥንቱ ጫፍ ነው። ቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው፤ ሥጋ የሚባል ነገር አያለብሰውም። ከመስመሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አራት ጣት ያህል ዝቅ በሉ። ለስለስ ያለ ሥጋ ይገኛል፤ ከሥሩ የጎድን አጥንቶቹ እንደ ጎጆ ማገር ተደርድረዋል። ፈረስ 18 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው። ክብደት መሸከም የሚችለው ይህ ሥጋና ይህ ማገር ነው። ወደ ኋላ እያለፋችሁ ስትሄዱ ማገሩ ያልቅና ወገቡ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ሥር የሚደግፍ ጎድን የለም። ወገብ ላይ የተቀመጠ ሰው ባዶ ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ ደህና ኮርቻ ሠሪ ከሁሉ በፊት የሚያስበው ስለ እንጨቱ አይደለም፤ ስለሚተወው ክፍት ቦታ ነው። የአገራችን ኮርቻ መሠረቱ ሁለት ሳንቃ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ጎድኑ ላይ ይተኛል። ፊትና ኋላ ባሉት ከፍ ያሉ ቅስቶች ይያያዛሉ። በሳንቃዎቹ መካከል፣ በጀርባ አጥንቱ ላይ፣ ምንም መኖር የለበትም። ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ከኋላው ዝቅ ብላችሁ ስታዩት በዚያ ክፍተት ወዲያ ማዶ ብርሃን መታየት አለበት። ብርሃን ካልታየ ኮርቻው ለዚያ ፈረስ አይሆንም፤ ዋጋው የፈለገውን ያህል ይሁን።

ሳንቃውና ቅስቱ የሚታሰሩት በእርጥብ ጠፍር ነው። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ምስማር ሳያስፈልገው እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። ምስማር ጊዜ ሲቆጥር ይላወሳል፤ ጫፉም አንድ ቀን ወደ ታች ይወጣል። ጠፍር ቢላላ እንኳ አይወጋም። ይህን የፈለሰፉትን የጥንት ባለሙያዎች ስም ማንም አልጻፈውም፤ ሥራቸው ግን ዛሬም የብዙ እንስሳ ጀርባን እየጠበቀ ነው።

ከኮርቻው ሥር ድብዳብ አለ። ድብዳብ ላብ ይጠጣል፤ ግጭትን ያበርዳል። ችግሩ ግን ላብ የጠጣ ድብዳብ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠጥራል፤ አቧራና ጨው ይይዛል። በሳምንት አንዴ ያልታጠበ ድብዳብ አሸዋ የተለጠፈበት ወረቀት ማለት ነው።

ገጣባ፣ ማለትም የኮርቻ ቁስል፣ እንዴት እንደሚፈጠር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የግጭት ቁስል ብቻ ይመስለዋል። ቆዳን የሚመግቡ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲጫን እነዚህ ሥሮች ይዘጋሉ። ለአፍታ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ እኛም እግራችን ደንዝዞ መልሶ ይለቀናል። ለብዙ ሰዓት ሲሆን ግን ሥጋው ተርቦ ይሞታል፤ አሟሟቱም ከሥር ወደ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን የምታዩት ትንሽ እብጠት ብቻ ነው። ከቀናት በኋላ ቆዳው ሲላጥ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከዳነ በኋላም ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ለጠጉር ቀለም የሚሰጠው የቆዳ ክፍል ሞቷልና። ዳማ ወይም ጉራቻ ፈረስ ትከሻው አካባቢ ነጭ ነጠብጣብ ካለው፣ ብዙ ጊዜ የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም፤ የድሮ ኮርቻ ታሪክ ነው።

ይህን በጊዜ የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ከመንገድ ገብታችሁ ኮርቻ ስታወርዱ ወዲያው አትጥረጉት። ላቡን አንብቡት። ጀርባው ሁሉ እኩል ረጥቦ ከጀርባ አጥንቱ ላይ ብቻ ቢደርቅ ደህና ነው። በረጠበው መካከል ሳንቲም ወይም መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ ካያችሁ ግን እዚያ ጭነቱ ከመጠን በላይ ተጭኖ ላብ እንኳ እንዳይወጣ ከልክሏል ማለት ነው። ነገ ያብጣል። ያ ቦታ በድብዳብ ውፍረት አይድንም፤ እንጨቱ መጠረብ አለበት። ጫማ ጠብቦህ ሁለት ካልሲ ብትደርብ ይብስብሃል እንጂ አይሻልህም።

ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ ፊት ይንሸራተትና የበቅሎዋን ትከሻ ይገጫል። ስለዚህ በጅራቷ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ወደ ኋላ ይይዘዋል። ዳገት ላይ በተራው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያኔ በደረቷ የሚያልፈው ጠፍር ያቆመዋል። ሜዳ አገር ለጌጥ የሚደረጉ የሚመስሉት እነዚህ ሁለት ጠፍሮች በኛ አገር የኮርቻው ሕይወት ናቸው። በጅራት ሥር የሚያልፈው ከሁሉ የለሰለሰ መሆን አለበት። በቆዳ ፈንታ የናይለን ገመድ የሚያስገቡ አሉ። ገመዱ ርካሽ ነው፤ አይበጠስም፤ ሥጋ ግን ይቆርጣል። ሌላ ካጣችሁ ቢያንስ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉት።

ስለ ክብደት በሰፊው ባልሄድም አንድ ስሌት ልስጣችሁ። በብዙ አገር ያሉ የእንስሳት ባለሙያዎች ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አምስተኛውን ያህል ባይበልጥ ይመረጣል ይላሉ። አንድ የደጋ ፈረስ 250 ኪሎ ቢመዝን አምስተኛው 50 ኪሎ ነው። ብዙዎቻችን ኮርቻ ሳይቆጠር ከዚያ በላይ ነን። ይህ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ የመንገዱ ርዝመት፣ ፍጥነቱ፣ የፈረሱ ሥጋ ይለውጠዋል። ሆኖም ዳገት ላይ ወርዳችሁ በእግር የምትሄዱበት ምክንያት ነው። የድሮ ሰዎች ዳገት ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ማንም ስሌት አላስተማራቸውም።

አህያዋን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በዓለም ላይ በአህያ ብዛት አንደኛዋ አገር ኢትዮጵያ ናት። ሆኖም ፈረስ ኮርቻ ሲሠራለት፣ በቅሎ ግላስ ሲለብስላት፣ ለአህያ ብዙ ጊዜ የሚተርፋት ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ጭነቷም የሚያርፈው በቀጥታ ጀርባ አጥንቷ ላይ ነው። ገለባ የተጠቀጠቀባቸው ሁለት ረዣዥም ከረጢቶች ግራና ቀኝ አድርጎ በመካከላቸው ክፍተት መተው ወጪው እዚህ ግባ አይባልም፤ የኮርቻውን ጥበብ ለእሷም ማካፈል ነው። እዚህ ላይ ግን ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። አህያዋ ዛሬ ትረፍ ሲባል፣ ያ ጭነት በብዙ ቤት ወደ ሴቲቱ ጀርባ ይዞራል። ውኃውንም ማገዶውንም የምትሸከም እናት «አህያዋ አሳዘነችኝ» ብትል ከማንም ይልቅ አምናታለሁ፤ እሷ ሸክም ምን እንደሆነ ታውቃለችና።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

ወደ አፍ እንምጣ። ልጓም የሚገባበት የፈረስ አፍ ውስጥ፣ በፊት ጥርሱና በመንጋጋ ጥርሱ መካከል፣ ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። ብረቱ የሚያርፈው እዚያና ምላሱ ላይ ነው። የዚያ ድድ ሽፋን ስስ ነው፤ ከሥሩ ስለታም አጥንት አለ። በብዙ ባህላዊ ልጓሞቻችን ላይ ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ ቀለበት አለ። ይህ ልጓም ለጦር ሜዳ የተሠራ ነው፤ በአንድ እጅ ዛብ፣ በሌላው ጦርና ጋሻ ይዞ በግልቢያ ላይ ያለን ፈረስ ቀጥ ለማድረግ ነው። ጉልበቱ እጅግ ብዙ ነው። ገበያ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ጉልበት አያስፈልገውም። ያንን ልጓም በሻካራ እጅ መሳብ፣ ሕፃን ልጅን ለመቀስቀስ መድፍ እንደ መተኮስ ነው።

እርካባችንም የራሱ ታሪክ አለው። በባዶ እግሩ የሚጋልብ ሰው እርካብ ውስጥ እግሩን ሙሉ አያስገባም፤ አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ የድሮው እርካብ ትንሽ ቀለበት ነበር። ጣና ዳር ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ስትሳለሙ ፈረሰኞቹን ቅዱሳን በግድግዳው ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ዓይናችን ዘንዶው ላይና ጦሩ ላይ ይቀራል። ሠዓሊው ግን የሚያውቀውን ኮርቻ፣ የሚያውቀውን ጠፍርና ግላስ ነው የሣለው። የቅዱሱን እግር ብታዩ አውራ ጣት ቀለበት ይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለእኔ እነዚያ ሥዕሎች ከመንፈሳዊ ክብራቸው ጋር የኮርቻ ሠሪዎቻችን መዝገብም ናቸው።

አሁን ወደ ልጆች ሥራ ልግባ።

አባቶቻችን በእውኑ ዓለም የማይቀመጡበት እንስሳ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን ታሪክ ሲናገሩ ኖረዋል። ገድላትን ከልብ ወለድ ጋር አላደባልቅም፤ ለአማኙ ልብ ወለድ አይደሉም። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእንስሳቱን ዕቃ። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በሥዕል የሚታዩት አንበሳ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ልጓም ግን የለም። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣው ዘንዶ ኮርቻ አልተጫነበትም። በክብረ ነገሥት ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ ሲመለስ ሰዎቹም፣ ፈረሶቹም፣ በቅሎዎቹም፣ የተጫኑት ግመሎችም ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይሄዳሉ። እንስሳቱ ራሳቸው ተሸካሚ መሆናቸው ቀርቶ ተሸካሚ አገኙ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል፤ የተአምሩ ምልክት የጭነት መቅለል ነው። በታሪክ ደግሞ ዮሐንስ ማላላስ የተባለ የቢዛንታይን ጸሐፊ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የመጣ መልእክተኛ ያየውን ሲጽፍ፣ ንጉሡ አራት ዝሆኖች በተጠመዱበት ባለ መንኰራኵር መድረክ ላይ ቆመው እንደ ነበር ይናገራል። ዝሆንን መጥመድ እንዴት ያለ ቀንበር ይፈልግ ይሆን!

ልጆች፣ ክንፍ ያለው ፈረስ ሣሉ እንበል። ኮርቻው የት ይቀመጣል? ክንፍ ጌጥ አይደለም። ወፍን የሚያበርረው ጡንቻ ደረቱ ላይ ነው የታሰረው፤ ዶሮ ስትበለቱ የምታዩት ትልቁ የደረት ሥጋ እሱ ነው። እንግዲህ የእናንተ ፈረስ ትከሻው በክንፍ ተይዟል፤ ደረቱ በጡንቻ ተሞልቷል። በደረት የሚያልፈውን ጠፍር ብታጠብቁበት ክንፉን አሰራችሁት። ኮርቻውን ወደ ኋላ እናሽሸው ብትሉ ወገቡ ላይ ትወድቃላችሁ፤ ወገብ ደግሞ ጎድን እንደሌለው ቅድም በእጃችን አይተናል።

አንበሳስ? የፈረስ ጀርባ ሲሮጥም ቢሆን ብዙ አይታጠፍም፤ ለዚህ ነው ሳንቃ የሚተኛበት። አንበሳ ግን ሲሮጥ ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል፤ መልሶ ይሰበሰባል። ቆዳውም ልል ነው። ትከሻው ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል። የእንጨት ኮርቻ ብትጭኑበት በመጀመሪያው ዝላይ ወይ ሳንቃው ይሰበራል፣ ወይ አንበሳው።

ትልቅ ወፍ፣ ሰጎን የመሰለች ደግሞ ከሁሉ ትከብዳለች። ወፍ ስትተነፍስ የደረት አጥንቷ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ጫጩት ይዞ ደረቷን ጠበቅ ያደረገ ልጅ ሳያውቀው ትንፋሿን ነው የያዘው። ስለዚህ የወፍ ኮርቻ በደረቷ ዙሪያ ከታሰረ ጋላቢዋ የተቀመጠው ትንፋሿ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ሕልማችሁን ለማፍረስ አይደለም። በተቃራኒው ነው። የሌለውን እንስሳ ጀርባ በትጋት ያሰበ ልጅ፣ ጓሮ የታሰረችውን አህያ ጀርባ እንደ አዲስ ያያል። ሥዕላችሁን ስትጀምሩ ከጌጡ አትጀምሩ። ይህ እንስሳ አጥንቱ የት ነው? ሲተነፍስ የትኛው አካሉ ይንቀሳቀሳል? ሲሮጥ የት ይታጠፋል? ሲያመው እንዴት ይነግራችኋል? እነዚህን ከመለሳችሁ በኋላ ኮርቻውን ንደፉ። ስትነድፉ ስትነድፉ «ይህ እንስሳ ላይ መቀመጫ ቦታ የለም» ከምትሉበት ብትደርሱ ወረቀቱን አትቅደዱት። ያም መልስ ነው፤ እኔ ከሁሉም መልስ አብልጬ የማከብረው እሱን ነው። በእውኑ ዓለምም ይህን መልስ የሚፈልጉ አሉ። የጀርባ አጥንቱ ገና ያልጠና ውርንጭላ፣ ልትወልድ የቀረበች ባዝራ፣ ገጣባ በቅሎ፤ ለእነዚህ የሚስማማ ኮርቻ የለም።

(የኮቴ ድምፅ፤ ከዚያ ጸጥታ)

አሁን ወደ ጥያቄው። እንስሳን መጋለብ ተገቢ ነው?

በሌላው ዓለም ፈጽሞ አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ። ፈረሱ «እሺ» አላለም ይላሉ። ይህን ሐሳብ እንደ ባዕድ ቅንጦት ማጣጣል አልፈልግም፤ ደህና ጥያቄ ነው። «ከጥንት ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ቅድም ባነሣሁት በዚያው በባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ገደል ከቡናውና ከዝባዱ ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎች ተነድተዋል። ለዘመኑ ነጋዴ ያም የተለመደ ነበር። ልማድ መሆኑ ብቻ ነገሩን ትክክል አላደረገውም።

እንስሳ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ይችላል? ከምናስበው በላይ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ላይ 23 ፈረሶች የተለያየ ምልክት የተሣለባቸውን ሰሌዳዎች በአፋቸው እየነኩ «ብርድ ልብስ አልብሱኝ»፣ «አውልቁልኝ»፣ «እንዳለሁ ተዉኝ» ማለትን ተማሩ። ሁሉም ተማሩት፤ ሲቀዘቅዝ አልብሱኝ፣ ሲሞቅ አውልቁ ይሉ ነበር። እኛ ዘንድ ሰሌዳ የለም፤ ጆሮ ግን አለ። ኮርቻ ይዛችሁ ስትቀርቡ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ ጠፍር ስታጠብቁ ዞሮ ሊነክስ የሚቃጣ፣ ጭራውን የሚያማታ ፈረስ ሰሌዳውን እየነካ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ «ክፉ ፈረስ» እንለዋለን። አህያ ደግሞ ሕመሟን የመደበቅ ልማድ አላት፤ ዝም ማለቷን ደህና ነኝ እንዳለች መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችውን የበለዓምን አህያ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ጊዜ ተመታች፤ መንገዱ ላይ የቆመውን መልአክ እሷ አየችው፣ ጌታዋ አላየውም። አፏ ሲከፈት ክንፍ ወይም ነፃነት አልጠየቀችም። ለምን መታኸኝ አለች፤ ይህን ያህል ዘመን የተቀመጥህብኝ አህያህ አይደለሁምን፣ እንዲህ አድርጌብህ አውቃለሁን አለች። ክርክሯ በሙሉ በዘመን ስለተገነባ መተማመን ነው። መልአኩም የፈረደው ለእሷ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። መጋለብ ይቻላል፤ እንስሳው ጠንክሮ ካደገ፣ ኮርቻው ከጀርባው ከተስማማ፣ ክብደቱ ከተመጠነ፣ «ዛሬ አልችልም» ሲልም ከተሰማ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አይቻልም። መካከለኛ መንገድ የለውም።

ይህ ከውጭ የተጫነብን ሐሳብ አይመስለኝም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በፈረሳቸው ስም ነው። ለእኔ ጆሮ ሰውየው የፈረሱ ጌታ ሳይሆን አባት የተባለ ይመስላል። አባት የሚለውን ቃል ቀለል አድርገን ባናየው እወዳለሁ። የሚቀመጡበትን ፈረስ ልጅ ብሎ መውሰድ ነውና፣ ልጁ ሲያመው የሚጠየቀው አባት ነው።

ይህን ክብር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ይሂድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን በዓሉን ያከብራል፤ የዓድዋ ፈረሶች ውለታም በዚያ ይታሰባል። አምባላዩ፣ ዳማው፣ ቦራው፣ ሜዳውን ሲሞሉት፣ ግላሱ በፀሐይ ሲያበራ፣ ደረቴ ይሞላል። እዚያ ሜዳ ላይ ስገኝ ለአባቶች የማቀርበው አንድ ልመና አለኝ። ጌጥና ግልቢያ በሚዳኙበት ሥፍራ አንድ ሽማግሌ ግላሱን እየገለጠ ጀርባ ይዳኝ። ሽልማቱ ለንጹሕ ጀርባም ይሁን።

ልሰናበታችሁ ስል ከራሴ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ያን ዕለት አያቴ ያቺን በቅሎ ጥለው ቢመለሱም ከወራት በኋላ ጀርባዋ ንጹሕ የሆነ ቡላ በቅሎ ገዙ። እኔ ጎረምሳ ስሆን የጓደኛዬ ሠርግ መጣ፤ ሚዜ ነበርሁ። በዋዜማው ጀርባዋን ስዳብሳት ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ እንቁላል የምታህል እብጠት እጄ ላይ ገባች። ስነካት ቆዳዋን አንዘፈዘፈች። አውቄያለሁ። ምን እንደሆነ የነገሩኝ እኒያው አያቴ ናቸው። ግን ሠርግ ነው፤ ሌላው ሚዜ ሁሉ በበቅሎ ነው የሚሄደው። ድብዳቡን አወፈርሁ። ኮርቻውን ጫንሁ። የተሻለውን ግላስ አለበስኋት። አራት ሰዓት ያህል ሄድን፤ በማግሥቱም ተመለስን። ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ እልል ሲሉ አንዷ «እንዴት ያለች በቅሎ!» ስትል ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ ኮርቻውን ሳወርድ ድብዳቡ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። አያቴ በር ላይ ቆመው አዩኝ። አልቆጡኝም። ውኃ አሙቀው፣ ጨው ጨምረው አመጡና ጨርቁን እጄ ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ያጠብኋት እኔ ነኝ። ያን ክረምት በሙሉ ማንም አልተቀመጠባትም፤ ገበያ በእግሬ ወረድሁ፣ በእግሬ ወጣሁ። ስቀርባት ጆሮዋን ታስተኛ ነበር፤ መስቀል አካባቢ ተወችው።

ቁስሉ ዳነ። ጠጉሩ ግን ነጭ ሆኖ በቀለ፤ በግራ በኩል የሳንቃው ጫፍ ባረፈበት ልክ፣ እንደ ተቆረጠ ጨረቃ። እስክትሞት ድረስ እዚያው ነበር።



(የኮቴ ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)